በወረቀት ግንበኛ

ባለፈው ሰሞን ናዝሬት ውስጥ አንድ ሆቴል ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር። በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ጉልበቴ ጣራ ላይ ምን እንዳወጣኝ ቆይቼ አጫውታችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን እዚያ ላይ የሸተተኝን ልንገራችሁ። እርጥብ ጭድ ሸተተኝ። ሌላውን ሰው እርጥብ ጭድ ሲሸተው ክረምት፣ በረትና የገጠር ዘመድ ትዝ ይሉት ይሆናል። እኔን ትዝ ያለችኝ ሪያድ ናት። ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋባት፣ ሳር በቧንቧ ውሃ ካልሆነ የማይበቅልባት ከተማ በጭድ ሽታ ትታወሰኛለች ብዬ ለባለቤቴ ብነግራት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ፀሐዩ ነው የመታህ" አለችኝ። መትቶኝም ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ያን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ነገሩ ይምታታብኛል፤ ማን የቱን ሥራ ያውቅ እንደነበር፣ ማን በየትኛው ሥራ እንዳደረ፣ ትምህርት የጠቀመው ማንን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አልለየሁም። ሽታው ግን አይምታታብኝም። በከተማዋ በመላዝና በሺፋ ሰፈሮች፣ በአሮጌ ቤቶች ጣራ ላይ "ሰሃራዊ" የሚሉት የቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጥ ነበር። ሦስት ጎኑ በደረቅ ሳር ይሞላል፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ የውጪውን ትኩስ ነፋስ በእርጥቡ ሳር ውስጥ እየሳበ አቀዝቅዞ ወደ ቤት ይሰደዋል። ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ሲፈላ በመላዝ መንደር ውስጥ ለውስጥ ስታልፉ፣ ያ ሽታ ከየጣራው ይወርድና ለአንድ አፍታ አገራችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ነበር። ከሙዚየሙ ሜዳ ጀርባ፣ ደረጃው በተሸረፈ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነን አንድ ክፍል ይዘን። ከታች የአፍጋኑ ዳቦ ቤት ነበር፤ ከምድጃ የወጣ የጋሪ ጎማ የሚያህል ዳቦ በአንድ ሪያል ይሸጥልናል፤ ፉሉ ሦስት ሪያል ነው አራት፣ እሱን ረስቼዋለሁ። ዳቦው በወረቀት ተጠቅልሎ ክፍላችን እስኪደርስ ግማሹ በደረጃው ላይ ያልቅ ነበር። ዐርብ ዐርብ ሁላችንም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጭ ጀለቢያችንን እንለብስና ሙዚየሙ ሜዳ ሳሩ ላይ እንቀመጣለን። ጀለቢያው ለፖሊስ ዓይን አገሬውን ያስመስለናል ብለን ነበር፤ ማንን ያታልል እንደነበር እንጃ። በጠሓ ገበያ ጥግ ላይ አንድ የአገራችን ልጅ በስልክ ሚሞሪ ዘፈን የሚሞላባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። "የወሎ ይሁን የጎጃም፣ ወንድሜ?" ይላል። "የሁሉንም ቀላቅል" እንለዋለን። እሱም ቀላቅሎ ስለሚሞላ፣ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው እየገባ፣ መሐል ላይ የሰው ሠርግ ጭብጨባ እየተሰማ፣ ያንኑ ስናዳምጥ እንውላለን። አሁን ሳስበው መላው ኑሯችንም እንደዚያች ሚሞሪ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ። የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ማለትም ኢቃማው፣ ላይ የሥራ ዓይነት ይጻፋል። ቪዛ ሲገዛ ግን የሚገዛው የተገኘው ነው እንጂ የሚያውቁት ሥራ አይደለም። እኔ ናዝሬት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ማቀዝቀዣ ተምሬ፣ ስንት ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬ፣ በወረቀት ግንበኛ ነበርኩ። ቱንቢ በእጄ ይዤ አላውቅም። ከክፍላችን ልጆች አንዱ አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ የነበረ፣ በወረቀት አናጢ ነው። ሌላው የሠርግ ወጥ ሠሪ፣ በወረቀት ከብት ጠባቂ። አራተኛው ሰይድ ነበር። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ያኔ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ አገሩ ሳለ በቤት ከዳኝነቱ ስሙ ከወንዝ ማዶ የሚጠራ፣ እሱ የከደነውን ጎጆ ሰዎች ከሩቅ ለይተው "ይኼማ የሰይድ እጅ ነው" የሚሉለት። በወረቀት ሹፌር ነበር። "ወላሂ ጋሼ፣ ከበሬ በቀር የነዳሁት ነገር የለም" ይለኝ ነበር። በዚያ ላይ ሹፌር ብሎ ያስመጣው ከፊል፣ ያው አሠሪው፣ ሩቅ አገር ነው ያለው፤ ሰይድ ከሱ ወጥቶ ሪያድ ሲሚንቶ ይሸከማል። በወረቀታችን ላይ ያለው ቃልና በእጃችን ያለው ሥራ እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ሳይተያዩ ኖሩ። ማንም ምንም አይልም ነበር።

አንድ ወቅት ላይ ግን የሚል መጣ። ሙህላ ተባለ፤ የእፎይታ ጊዜ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል፤ ከእንግዲህ የሚሠራው ስሙ ለተጻፈበት ከፊል ብቻ፣ የሚሠራውም የተጻፈለትን ሥራ ብቻ፤ ጊዜው ሲያልቅ ያላስተካከለ ተርሂል፣ ያው ማጎሪያው፣ ይገባል፣ ከዚያም ወደ አገሩ ይጫናል ተባለ። ያን ሰሞን የነበረውን ግራ መጋባት እንዴት ብዬ ልግለጸው? ጠዋት "ተራዘመ" ይባላል፣ ከሰዓት "ማን አለ?" ይባላል። ሒሳብ አስተማሪው አናጢነት ይማር ወይስ አናጢነቱን ያስፍቅ? ወጥ ሠሪው ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ፣ "እኔን ለፍየል ያስተዋውቁኝ፣ ፍየል ያላት ዘመድ ያለው ሰው አለ?" እያለ ያስቀን ነበር። ሰይድ ግን አይስቅም። ሁለት ልጆቹ ደሴ ቤት ተከራይተው የሚማሩት በሱ ነው፤ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ እሱ ከተጫነ ትምህርታቸው እዚያው ላይ ያበቃል። አዲስ ከፊል ማግኘት አለበት፤ ከፊል የሚቀበለው ደግሞ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሱን ሥራ ደግሞ፣ የጎጆ ክዳን፣ ሪያድ ውስጥ ማን ይፈልጋል? "ጋሼ፣ እኔ እዚህ አገር ምንም የማላውቅ ሰው ሆንሁ" አለኝ አንድ ቀን።

እኔ የምሠራው መላዝ፣ አቡ ናስር የሚባል ሰው የጥገና ሱቅ ውስጥ ነበር። ከፊሌም እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቶሎ ይጮሃል፣ ቶሎ ይረሳል። በዚያው በሙህላው ሰሞን፣ "ያ ግርማ፣ መኪፍ የሚያውቅ አንድ ሰው አምጣልኝ። በስሜ አስገባዋለሁ፣ ኸላስ" አለኝ። መኪፍ የቤት ማቀዝቀዣ ነው። "አለ፣ አውቃለሁ" አልኩ፤ አፌ ነው ያለው። ማታ ለሰይድ ስነግረው ዓይኑን አፍጥጦ፣ "ጋሼ፣ እኔ ምኑን አውቄ?" አለ። "ትማራለህ" አልኩት። እንዲህ ሆኜ አስተማሪ ሆንኩ።

ዐርብ ጠዋት ጠዋት ሰገነታችን ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከሱቁ የተጣለ የሞተ ስፕሊት፣ ያው የግድግዳ ማቀዝቀዣ፣ ፈትቼ አስተማርኩት። አስተማሪያችን ናዝሬት እንዳስተማሩን አድርጌ ከሥሩ ጀመርኩ። ሙቀት ምንድን ነው፣ ጋዝ ሲጨመቅ ምን ይሆናል፣ ኮምፕሬሰር፣ የመዳብ ቱቦ፣ ግፊት። ሰይድ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይሰማኛል። "እሽ ጋሼ፣ ሙቀቱን ከቤት አወጣነው። ከዚያስ የት ይኸዳል?" ይለኛል። "ውጭ ነዋ።" "ውጭስ ያለው ሰው?" ይላል። እኔም ወደ ኮምፕሬሰሩ እመለሳለሁ። ሒሳብ አስተማሪው በጎን ቁጭ ብሎ ጣልቃ ይገባል፦ "ሰሜን ሪያድ ስፕሊት ብቻ ነው፣ ስፕሊት አስተምረው።" ወጥ ሠሪው፣ "ሺፋ ድሃ ሰፈር ነው፣ ስፕሊት ማን አለው?" ይላል። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ለፎቆቹ ትልልቁን ካላወቀ ከንቱ ነው አለ። የትኛውን ልተው፣ የትኛውን ልያዝ? ግራ ገባኝና ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ነካካሁለት። አቡ ናስርን ግን፣ ሰውዬውን ለየትኛው መኪፍ ነው የምትፈልገው፣ ለየትኛው ሰፈር ነው ብለን አልጠየቅነውም። ልብ በሉ፣ በየቀኑ አብሮኝ ሻይ የሚጠጣውን ሰው! ደግ ነገር አደርጋለሁ ያለን ሰው ተመልሶ መመርመር ነውር መሰለን። ይሉኝታ ያዘን። ይሉኝታችንን ይዘን ባሕር ተሻግረን ኖሯል።

አቡ ናስር ሰይድን ሥራ ላይ ሊፈትነው የቀጠረን ቀን በፒካፑ ይዞን ወደ ሺፋ ነዳ። ሰይድ በመንገድ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ግፊቱን፣ ጋዙን፣ ቱቦውን ያጠናል። የደረስነው የአቡ ናስር እናት ቤት ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ሮማን ያለበት አሮጌ ቤት። ጣራው ላይ ሰሃራዊ። አቡ ናስር ከፒካፑ አዲስ ሳር የታጨቀበት ጆንያ አወረደና፣ "አሮጌውን አውጥቶ ይኼን ይሙላበት። በጋው ሳይገባ እናቴ እንድትቀዘቅዝ ነው የምፈልገው። ብቻውን ይሥራ፣ አንተ ና እዚህ ሻይ ጠጣ" አለኝ። ስፕሊት የለ፣ ጋዝ የለ፣ ግፊት የለ። ሳር ነው። የሰይድን ፊት ባያችሁት! ጆንያውን ከፍቶ እፍኝ አወጣ፣ አሸተተው፣ በጣቱ አሸው። "ሰንበሌጥ አይደለም እንጂ ደግ ሳር ነው" አለኝ በአማርኛ። ከስንት ዓመት በኋላ እጁ የሚያውቀውን ነገር አገኘ። መሰላሉን ሲወጣ እንደ ጎረምሳ ነበር የቀለለው። እኔም በመጨነቅ ፋንታ ደስ አለኝ፤ ሳር አይደል፣ ሳርማ ከሰይድ ወዲያ ማን ያውቃል ብዬ፣ ሻዬን ፉት አልኩ።

ሲጨርስ ሞተሩን አበራን። ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ማራገቢያው ያጓራል፤ ነፋስ ግን የለም። ቆየን፣ የለም። ከመጋረጃው ጀርባ የእናትየዋ ድምፅ፣ "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞተ እንዴ?" አለ። ጣራው ላይ ወጣን። ሰይድ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል፣ ላቡን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ። ያየሁትን ነገር በሕይወቴ አልረሳውም። ሳሩን አበጥሮ፣ እኩል እኩል አስተካክሎ፣ በሽቦ ሰፍቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ጫፉን እንደ ጎጆ ጠርዝ ከርክሞታል። ውበቱ! አቡ ናስር ጣቱን ሊያስገባበት ሞከረ። ጣቱ አልገባም። ሰይድ ገና ምኑም አልገባውም፤ እንዲያውም ኮርቷል። "ጋሼ ንገሩት፣ ይኼ ሃያ ዓመት ጠብታ አያሳልፍም፣ ነፋስም አይገባውም በሉት" አለኝ። ምን ልበል? የሰውን ልጅ እንጀራ ይዤ ቆሜአለሁ። ውሸት ልተርጉም ወይስ እውነት? መጨረሻ ላይ ያለውን እንዳለ ተረጎምኩት። አቡ ናስር አየው፣ ሳሩን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወርዶ ፒካፑን አስነስቶ ሄደ።

ሰይድ የሠራው ነገር ሲገባው ጣራው ላይ ዘጭ አለ። "ነፋሱን ዘጋሁት? በእጄ ዘጋሁት?" አለ። አልቆጣሁትም፤ ምን ብዬ? እስከዚያ ዕድሜው ሰው ያከበረው ዝናብና ነፋስ በመከልከሉ ነው። አብረን ያን የመሰለ ሥራ ፈታነው፤ "አላላው፣ ይተንፍስ፣ ፀሐይ በመሐሉ ይታይህ" እያልኩት እንደገና ሞላነው። ሲበራ ቀዝቃዛው ነፋስ ወረደ፤ ያ ሽታም መጣ፤ እናትየዋ ከታች ሆነው መረቁን። ምርቃታቸውን ሰምቶ ሰይድ አለቀሰ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ከሺፋ እስከ ሙረባዕ በአውቶቡስ ተመለስን። ሰይድ ክፍላችን ገብቶ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስቦ አወጣው።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አቡ ናስር ሱቁ ገብቶ፣ "ያ ሳር የሰፋው ሰውዬ የት ነው?" አለኝ። ለካ ሰውዬው ከከተማ ውጪ ኢስቲራሃ አለው፤ ዐርብ ዐርብ ከዘመዶቹ ጋር የሚያርፍባት ግቢ። በደቡብ፣ ጂዛን በኩል ያየው ዓይነት የሳር ክዳን ጥላ እዚያ ላይ ሊያሠራ ሲመኝ ኖሮ፣ ሪያድ ውስጥ የሚያውቅበት አጥቷል። ሰይድን ወስዶ አሠራው። አንዱን ሲጨርስ ጎረቤቱ አየ፤ የጎረቤቱ ወንድም አየ። ሰይድ ከዚያ በኋላ ሳር ሲከድን ነው የኖረው፤ ሲሚንቶ መሸከም ቀረ። ወረቀቱ ላይ ግን ጎጆ ከዳኝ የሚባል ሥራ መሥሪያ ቤቱ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ለሱቁ የፈቀደው አንድ የመኪፍ ባለሙያ ብቻ ነበርና፣ ያቺ ቦታ ለሰይድ ሆነች፤ ያለሷ ዝውውሩ አያልቅም ተባለ። እኔስ? እኔ የአቡ ናስር ሰው ስለሆንኩ ግድ የለም፣ በኋላ ይስተካከላል፣ ኢንሻአላህ ተባለ። እንግዲህ ይህን አስቡት። ጎጆ ከዳኙ በወረቀት የማቀዝቀዣ ባለሙያ፤ የማቀዝቀዣ ባለሙያው በወረቀት ግንበኛ። ሙህላው ሲያልቅ ሒሳብ አስተማሪውና ወጥ ሠሪው ተጫኑ፤ ክፍሉ ሰፋን። ዳቦው ደረጃው ላይ ማለቁን ተወ።

የኔ ወረቀት በኋላም አልተስተካከለም። ጥቂት ቆይቼ ጉልበቴ ጣራ እምቢ ሲል ወደ አገሬ ገባሁ። ናዝሬት አሁን ሆቴሉ በዝቷል፤ ያኔ ሜዳ የነበረው ሁሉ ፎቅ ነው። አንዱ ሆቴል የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። የሠራተኛ ቅጥሯ ልጅ፣ ጥፍሯን የተቀባች ትሑት ልጅ፣ የውጭ አገር የሥራ ልምዴን አስተርጉሜ ያመጣሁትን ወረቀት አነበበችና፣ "አባባ፣ ይኼ እኮ ግንበኛ ነው የሚለው" አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ፤ ከሙህላው ልጀምር፣ ከቪዛው ልጀምር፣ ከሰይድ? መሐል ላይ እኔም ጠፋብኝ። "ለግንባታ ሰው ስንፈልግ እንደውልልዎታለን" አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ባለፈው ሰሞን በሩ ተንኳኳ። ሰይድ! ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ልጆቹ ተመርቀዋል፤ ትልቁ ልጁ ናዝሬት ሥራ ይዞ አባቱን አምጥቶታል። ተቃቅፈን ስንላቀስ ቆየን። ከተረጋጋን በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ "ጋሼ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ሆቴል። ወረቀቴን አይተው የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን አርገው ቀጠሩኝ። ነገ እገባለሁ" አለ። የትኛው ሆቴል እንደሆነ ሲነግረኝ፣ ያው ነው። ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ተከትሎ፣ አልደብቃችሁም፣ ቅናት መጣ። ሰይድ ቀጠለ፦ "አገር ቤትማ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኖ ሳር የሚያስከድን የለም። ያችን የሰገነቷን ትምህርት እንደገና ከሥሩ ያስተምሩኝ፣ ጋሼ። ጋዙን፣ ግፊቱን።" አፌን ከፍቼ፣ ሙቀት ምንድን ነው ብዬ ልጀምር ስል፣ አንድ ነገር ድንገት ያዘኝ። "ሰይድ፣ ያላቸው ማቀዝቀዣ ምን ዓይነት ነው?" አልኩት። "አልጠየቅሁም ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ነውር መሰለኝ።"

"ተነስ" አልኩት። "ዘንድሮስ አንሸወድም። መጀመሪያ ሄደን እንይ።" እንግዲህ ጣራ ላይ ያወጣኝ ይህ ነው። ባለሆቴሉ ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው ኖሮ፣ ለአዳራሹ ያስመጣቸው ሁለት ሰሃራዊ ናቸው። ሳሩን እዚሁ ያገኘው ሰው ሞልቶታል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን የጎጆ ከዳኝ እጅ ነው፤ ተጠቅጥቋል፣ ተከርክሟል፣ ጣት አያስገባም። ሰይድና እኔ ተያየን። እሱ ጀለቢያ እንደለበሰ ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበና ሳሩን ይመዠርጠው ጀመር። "ይተንፍስ፣ ፀሐይ በመሐሉ ይታይ" ይላል ለራሱ። በምላሱ ላይ ያለው የኔ ቃል ነው። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር። ውሃው ወረደ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ሽታው መጣ፤ ከታች ከአዳራሹ ሴት አስተናጋጆቹ "መጣ! ነፋሱ መጣ!" ሲሉ ተሰማን።

ስንወርድ ያቺ ትሑት ልጅ ደረጃው ሥር ቆማለች። እኔን ትኩር ብላ አየችኝና፣ "እሳቸው ማን ናቸው?" አለችው ሰይድን። "አስተማሪዬ ናቸው" አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። "ማቀዝቀዣ ያስተማሩኝ።"

"አባባ፣ እርስዎ ግንበኛ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ።

እጄን አየሁት፤ እርጥብ ሳር ተጣብቆበታል። እንደዚያው ወደ ልጅቷ ዘርግቼ አሳየኋት።